የሙዘሚል ማትሪክ

«አሁን ሐዲድ ላይ ላውጣችሁ!» አለ ሱልጣን፣ እና ጣቱን ወደ ስዊቿ ላከ።

ሳና አየችው። የሙሽራዋን አበባ በአንድ እጇ፣ የሙሽራዋን ቦርሳ በሌላ እጇ ታቅፋ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ጠቅ አለ። ትንሿ ቢጫ መብራት በራች። ያቺን መብራት ራሷ ሳና ናት የገጠመቻት። ሽቦዋን ከዳሽቦርዱ ጀርባ ጎትታ፣ ጫፉን ልጣ፣ አጥብቃ፣ «አባዬ፣ በራች!» ብላ ጋራዡን ያናወጠችውም እሷ ናት። አሁን ግን መብራቷን ስታይ ደነገጠች።

ምክንያቱም ከፊታቸው አደባባይ ነበር።

ቅዳሜ ነው፣ ስድስት ሰዓት ተኩል። ከኋላቸው አሥራ አራት መኪና ክላክሱን ያቀልጠዋል። ከፊት ቪዲዮ አንሺው አሌክስ ፒክአፕ ላይ ቆሞ፣ ካሜራውን ወደ እነሱ ደግኖ «ኑ፣ ኑ» ይላል። ኋላ ወንበር ላይ የሳና አክስት ፈቲያ ቬሏን ታስተካክላለች፤ አጠገቧ ሙሽራው ሃይደር ላቡን ይጠርጋል። ዕቅዱ ቀላል ነው። ከሳሊተ ምሕረት ከፍ ብላ ያለችውን አደባባይ ሦስት ጊዜ ዞሮ ወደ አዳራሽ። ሸገር ውስጥ ሙሽራ ጭኖ አደባባይ ሳይዞር ያለፈ ሾፌር ካለ እስቲ አሳዩኝ።

«ሱልጣን፣ አጥፋው» አለች ሳና። ድምፅዋን ክላክሱ ዋጠው።

«ምን?»

«አጥፋው! ሎኩን!»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ጠዋት...» አለና መሪውን ጠመዘዘ።

እሺ፣ እዚህ ላይ ወደ ጠዋቱ እንመለስ፤ አለበለዚያ ነገሩ አይገባችሁም።

የሳና አባት ሙዘሚል ሳሊተ ምሕረት ጋራዥ አለው። ጋራዥ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አራት መኪና ከገባ አምስተኛው በር ላይ ነው የሚቆመው። ግን ክፍለ ሀገር ፊልድ የሚወጣ ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። ከደሴ ከመጣ ጀምሮ ሥራው አንድ ነው፣ ዲፈረንሻል። በተለይ ሎክ መግጠም። ከጅንካ፣ ከጎዴ ድረስ መኪና ይመጣለታል።

ሳና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ግን ሎክ ምን እንደሆነ ያወቀችው ፊደል ሳትጨርስ ነው ማለት ይቻላል። መኪና ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ረጅም መንገድ ይሄዳል፣ የውስጠኛው አጭር። ዲፈረንሻል ሁለቱን ጎማዎች «አንተ ፍጠን፣ አንተ ቀስ በል» እያለ የሚያስማማ ነገር ነው። ጣጣው የሚመጣው ጭቃ ውስጥ ነው። አንዱ ጎማ ሲንሸራተት እሱ ብቻ በባዶ ይሽከረከራል፣ ሌላኛው ቁጭ ብሎ ያየዋል። ያኔ ሎኩን ታበራለህ። ሁለቱ ጎማዎች ይታሰሩና እኩል እየዞሩ፣ ተጋግዘው ይወጣሉ።

የኋላ ሎክ ብዙ ሾፌር ያውቃል። የፊቱ ግን ባሕርዩ ሌላ ነው፤ ለመሪ የሚታዘዙት የፊት ጎማዎች ናቸዋ! እነሱን አንድ ላይ ካሰርካቸው መኪናዋ መታጠፍ እምቢ ትላለች። መሪው ይከብዳል፣ ከእጅህ እያመለጠ ወደ መሐል ይመለሳል። አስፋልት ላይ ደግሞ ይብሳል። ጭቃና አሸዋ ጎማው ሸርተት እንዲል ይፈቅዱለታል፤ ደረቅ አስፋልት አይፈቅድም።

ለዚህ ነው ሙዘሚል የፊት ሎክ ገጥሞ ቁልፉን ዝም ብሎ የማይሰጠው። ደንበኛውን ከጋራዡ ጀርባ ወዳለች ባዶ አፈር ሜዳ ይወስደዋል። አንዴ ሎኩ ጠፍቶ፣ አንዴ በርቶ፣ ስምንት ቁጥር እየሠራ እንዲነዳ ያደርገዋል። መሪው ሲታገለው በእጁ እስኪያውቀው፣ በአፉም «መታጠፊያ ላይ አይበራም» እስኪል ድረስ ቁልፉ ሙዘሚል ኪስ ውስጥ ነው። ሽማግሌ ሆነ ባለሥልጣን ለውጥ የለም። ሾፌሮቹ «የሙዘሚል ማትሪክ» ይሉታል። ሁለቴ የወደቀ አለ፣ ወላሂ።

የሱልጣን ነጭ ኮብራ ላንድክሩዘር ግን ማትሪክ ሳትወስድ ወጣች። ሱልጣን የሙሽራው የአጎት ልጅ ነው፣ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ፣ የራሱን መኪና ይዞ ፊልድ መሥራት የጀመረ። የሃይደር ዘመዶች ከአያታቸው ጀምሮ ሾፌር ናቸው። ሙሽራ በሊሞዚን መውሰድ እነሱ ዘንድ ነውር ነው፤ የእነሱ ሙሽራ የምትሄደው በፊልድ መኪና ነው፣ ታጥባ፣ ሪባን ታስራ፣ ፏ ብላ። ሰርጉ ስለደረሰ ሙዘሚል ሐሙስ ዕለት ቁልፉን ሰጠው። ግን ስዊቿ ላይ ያንን ሽቦ የሚጠቀለልበትን ጥቁር ናስትሮ ለጠፈባት።

«ሰኞ መጥተህ ማትሪክህን ትወስዳለህ። እስከዛ ይቺን ናስትሮ እንዳትነካት።»

«እሺ ጋሼ» አለ ሱልጣን።

አልነካትምም። የነካቻት ሳና ናት።

ጠዋት መኪናዋ ጋራዡ በር ላይ እየታጠበች ነበር። ሚዜዎቹ ሱፍ በሱፍ ሆነው ከበዋታል። አሌክስ ያኔም ይቀርጻል፤ የሰርግ ቪዲዮ ከጫማ ማሰር አይደል የሚጀምረው? ሳና አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻርፗን አስተካክላ ብቅ ስትል አንዱ ሚዜ ሙድ ያዘባት።

«ይቺ ናት መካኒኳ? እስቲ እጅሽን አሳዪን፣ ግሪስ የለውም?»

«ኧረ እንዳትጠጋኝ፣ ሱፉን ተከራይቼው ነው!» አለ ሌላው። ሁሉም ሳቁ።

ሳና በትንሽ በትልቁ የምትናደድ ልጅ አይደለችም። ሳቃቸው ግን የሆነ ቦታ ወጋት።

«እናንተ ይቺን መብራት ማን የገጠማት ይመስላችኋል?» አለች።

«የቷን?»

«ይቺን።» መኪናዋ ውስጥ ገባች፣ የናስትሮዋን ጫፍ በጥፍሯ ያዘችና ሽርጥ አድርጋ ላጠቻት። ስዊቿ ብቅ አለች፣ አዲስ፣ የምታብለጨልጭ።

«ኡ! ምንድነች?»

«የፊት ሎክ። እዚህ ከተማ ውስጥ ስንት መኪና ያለው ይመስልሃል?»

«ምን ታደርጋለች ግን?» አለ ሱልጣን። የራሱ መኪና ሆና እሱም በደንብ አያውቅም'ኮ።

«ካበራሃት መኪናዋ መሬት ትነክሳለች። ንቅንቅ የለም። ሐዲድ ላይ እንዳለ ባቡር ነው የምትሄደው።»

«ቀሽት ነው!»

«አቦ ልጅቷ አራዳ ናት!»

ውሸት አይደለም። ባቡር መሪ የለውም የሚለውን ግማሽ ነው የተወችው። ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፣ ነበር ስላችሁ። ነገር ግን ያ ግማሽ የሚጀምረው «ግን...» ብሎ ነው። «ግን» ካለች ደግሞ ያ «አራዳ ናት» ያሉት ይበርዳል፣ ተመልሰው ስለ ግሪስ ይስቃሉ። ስለዚህ ዝም አለች። ናስትሮዋን የምትጥልበት ስታጣ ስልኳ ጀርባ ላይ ለጠፈቻት።

አሁን አደባባዩ።

መግቢያው ላይ ትንሽ ወደ ቀኝ ነው፣ እሱን እንደምንም አለፉት። ከዛ ወደ ግራ መዞር ነበረባቸው። ሱልጣን መሪውን ሲጠመዝዝ መሪው ታገለው። የፊት ጎማዎቹ አስፋልቱ ላይ ሲጢጥ አሉ።

«ምን ሆና ነው!» አለ። በሁለት እጁ ጎተተው። መሪው ከእጁ አመለጠና ወደ መሐል ተመለሰ።

የሚሄዱት ቀስ ብለው ነው፣ የሚሮጥ ልጅ ይቀድማቸዋል። ግን መኪናዋ አትዞርም። አደባባዩን ትታ፣ ቀጥ ብላ ወደ ውጪው ጠርዝ ትሄዳለች፤ እግረኛ መንገዱ ላይ ቆመው ሰርግ ወደሚያዩት ሰዎች። ስልካቸውን የደገኑ ልጆች አሉ። ሕፃን ያዘለች ሴት አለች። ሴትየዋ ለሙሽራዋ እጇን እያውለበለበች ነው።

ሱልጣን ፊልድ ላይ የለመደውን አደረገ። መኪናዋ ጉልበት ያነሳት መስሎት ነዳጅ ጨመረላት።

«ነዳጁን ልቀቅ!» ሳና ጮኸች። እንደዚህ ጮኻ አታውቅም። «ፍሬን! ፍሬን ያዝ!»

ዷ! የፊት ጎማዋ ጠርዙን ወጣችና ቆመች። ፈቲያ ጮኸች። የአበባው ግማሽ ዳሽቦርዱ ላይ ተበተነ። ሰዉ ሁሉ ወደ ኋላ ተበትኗል፤ ሕፃን ያዘለችው ሴት አጥር ላይ ተለጥፋለች። ማንም አልተነካም። አልሐምዱሊላህ፣ ማንም።

ሱልጣን ስዊቿን መታት። መብራቷ ጠፋች። መሪውን ወደ ግራ ሳበው፣ ንቅንቅ አላለም።

«አጥፍቼዋለሁ'ኮ! አሁንም ታስሯል!»

«አታስገድደው» አለች ሳና። ድምፅዋ እንዴት እንደተረጋጋ ራሷም አልገባትም። «መብራቱ ጠፋ ማለት ለቀቀ ማለት አይደለም። ጎማዎቹ ተወጥረዋል። መሪውን ቀጥ አድርግ። ቀጥ። አሁን ቀስ ብለህ ወደ ኋላ መልሳት።»

ሱልጣን እንደተባለው አደረገ። መኪናዋ ከጠርዙ ወረደች፣ አንድ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሄደች፣ ከስር «ቋ» የሚል ድምፅ ተሰማ። መሪው ላላ።

ይሄኔ ከሁለተኛው መኪና ሐጂ ኢሳ ወርደው መጡ። ሐጂ ኢሳ የሃይደርና የሱልጣን አጎት ናቸው፣ ስድስት የፊልድ መኪና ያላቸው። ስድስቱንም ሎክ ለማስገጠም ከሙዘሚል ጋር ከተነጋገሩ አንድ ወር ሆኗቸዋል። ሙዘሚል ከአንድ ሰው ያን ያህል ሥራ አግኝቶ አያውቅም፤ ቤት ውስጥ ራት ላይ የሚወራው እሱ ብቻ ሆኗል።

«ምን ሆናችሁ ነው?» አሉ ሐጂ።

«ምንም ሳልነካት መሪው ታሰረብኝ!» አለ ሱልጣን፣ ከመኪናዋ እየወረደ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ሚዜዎቹ ሁሉ መጥተው እያዩት ነው። «ሐሙስ ነው ከጋራዥ ያወጣኋት።»

«ከሙዘሚል?»

«አዎ።»

ሐጂ ኢሳ ጎማዋን አዩ፣ ጠርዙን አዩ፣ ሴትየዋን አዩ። «ያ ረቢ። ሙሽራ ይዞ፣ ሰው ፊት! እኔ ስድስት መኪናዬን ለዚህ ሰው ላስረክብ ነበር'ኮ።» ራሳቸውን እየነቀነቁ ተመለሱ።

ሳና አፏን ከፈተች። ሱልጣን በመስኮቱ ወደሷ ጎንበስ አለ።

«ስሚ» አለ በሹክሹክታ። «አንቺ ናስትሮ አልላጥሽም፣ እኔ ስዊች አልነካሁም። እሺ? ሰርግ ነው በአላህ፣ ይለፍ።»

ሳና አፏን ዘጋች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዘጋችው። መኪኖቹ አደባባዩን ሳይዞሩ ወደ አዳራሽ ሄዱ።

አዳራሹ ሲኤምሲ ነው፣ ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በሌላ በኩል። ወሬው ከሙሽሮቹ ቀድሞ ደርሷል። ሳና ከመስታወቱ በር አጠገብ ቆማ አባቷን አየችው። የሰርግ ሱፉን እንደለበሰ ካርቶን አንጥፎ ኮብራዋ ስር ገብቷል። የሚታየው ጫማው ብቻ ነው፤ ጠዋት ሁለቴ የወለወለው ጫማ።

ሲወጣ የነጭ ሸሚዙ እጅጌ በግሪስ ጠቁሯል። በሩን ከፍቶ ዳሽቦርዱን አየ። ስዊቿ ላይ ጣቱን አሳረፈ። ቆየ። ከዛ ወደ ወንዶቹ ጠረጴዛ ሄደና ሐጂ ኢሳ ፊት ቆመ። ሳናም ሳታስበው ተከትላ የአበባ ማስቀመጫው ጋር ደርሳለች።

«ሐጂ፣ መኪናዋ ምንም አልሆነችም» አለ ሙዘሚል። «ግን ሳልፈትን ነው የለቀቅኳት። በሃያ ዓመት አድርጌው የማላውቀውን ለሰርግ ብዬ አደረግኩት። ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅርታ ይደረግልኝ።»

አንገቱን ደፋ። ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ግማሾቹ ሾፌሮች ናቸው። ያቺ አፈር ሜዳ ላይ አልበው፣ አንዳንዶቹም ወድቀው፣ ቁልፋቸውን ከሱ እጅ የተቀበሉ። አሁን አንዱ ወደ ሌላው ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር አለ፣ ሌላው ፈገግ አለ። ያቺ ፈገግታ! ሳና ጠዋት ስለ ግሪስ የሳቁባት ሳቅ መቶ ጊዜ ቢደጋገም ይሻላታል።

ወደ ጠረጴዛው ሄደች። እግሯ አይደለም የሄደው፣ የሆነ ነገር ነው የገፋት።

«አባዬ አይደለም» አለች። «እኔ ነኝ።»

ሁሉም ዞሩ። ስልኳን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ጥቁሯ ናስትሮ፣ አራት ማዕዘን፣ አንዱ ጫፍ ጥፍር የበላው።

«አባዬ ስዊቿን በዚህ ሸፍኖት ነበር፣ ማንም እንዳይነካው። ጠዋት እኔ ላጥኩት። ሎኩ ሲበራ መኪናዋ ሐዲድ ላይ እንዳለች ነው የምትሄደው አልኩ። አትታጠፍም አላልኩም። አውቅ ነበር፣ ግን አላልኩም።»

«ለምን?» አሉ ሐጂ ኢሳ።

«እንዲያደንቁኝ» አለች።

ማንም አልሳቀም። የሚገርመው እሱ ነው። ሐጂ ኢሳ ናስትሮዋን አዩ፣ ቀና ብለው ሱልጣንን ፈለጉት።

«አንተስ? ምንም አልነካሁም ነበር ያልከኝ።»

ሱልጣን ክራቫቱን ነካ ነካ አደረገ። «ነክቻለሁ ሐጂ። አፈርኩና ነው።»

ሐጂ ኢሳ ሱልጣንን ገላመጡት። ከዛ ወደ ሳና ዞሩ። «እሺ ልጄ። አውቅ ነበር ካልሽ አስረጂኝ። እኔ የኋላ ሎክ ይዤ ዕድሜዬን ሙሉ ነድቻለሁ፣ መሪዬን ነጥቆኝ አያውቅም። የፊቱ ምን ልዩ አደረገው?»

ሳና አባቷን አየችው። አባቷ ራሱን አልነቀነቀም፣ አልከለከለምም። ደንበኛ ሲፈትን እንዲህ ነው የሚቆመው።

«ሱልጣን፣ ና» አለች። «አንተም ና፣ ሱፍ የተከራየኸው።»

አሁን ሳቅ ሆነ። ሁለቱ መጡ።

«ክንድ ለክንድ ተያያዙ። የፊት ጎማዎች ናችሁ። ይቺን የአበባ ማስቀመጫ ዙሯት።»

ዞሯት። ባለ ሱፉ ከውጪ በኩል ረጅም ረጅም ተራመደ፣ ሱልጣን ከውስጥ እግሩን እዛው በዛው አነሳ አስቀመጠ።

«አያችሁ? ሎኩ ጠፍቶ እንዲህ ነው። ውጪ ያለው ይረዝማል፣ ውስጥ ያለው ያጥራል። አሁን አብርቼዋለሁ። እርምጃችሁ እኩል፣ አንዱም እንዳይረዝም፣ አንዱም እንዳያጥር። እግር ማንሸራተትም የለም፣ አስፋልት ነው። ዙሩ። አንድ፣ ሁለት! አንድ፣ ሁለት!»

ለመዞር ትከሻቸውን አጣመሙ፣ ክንዳቸው ተጎተተ፣ እግራቸው ግን ቀጥ ብሎ ሄደ። አበባውን አልፈው፣ አንድ ሁለት እያሉ፣ በቀጥታ ወደ ኬኩ።

«ኬኩን! ኬኩን ያዙት!» አለች አንዲት ሴት ከወዲያ በኩል።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሐጂ ኢሳ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ሳና ግን አልጨረሰችም።

«የኋላ ጎማ ይገፋል እንጂ አይመራም» አለች። «እሱ ቢታሰርም የፊቶቹ ነጻ ስለሆኑ እየታገሉም ቢሆን ይወስዱታል። የፊቱ ሲታሰር ግን የታሰረው ራሱ መሪው ነው። ጭቃ ላይ፣ ቀጥታ መንገድ፣ ቀስ ብሎ፣ ያኔ ይበራል። ከጭቃው ሲወጣ ወዲያው ይጠፋል። መታጠፊያ ላይ አይበራም።»

የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር ስትል ከጠረጴዛው ሁለት ሦስት ሾፌሮች አብረዋት አሏት። ፈተና ላይ የሸመደዷት ናት።

ሐጂ ኢሳ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «ሙዘሚል፣ ሰኞ ክፍት ነህ?»

«ክፍት ነኝ ሐጂ።»

«ሾፌሮቼን ይዤ እመጣለሁ። መጀመሪያ ያንን ማትሪክህን እንይ። የመኪኖቹን ነገር ከዛ እናወራለን።» እሺ አላሉም፣ እምቢም አላሉም። ሙዘሚል ግን አንገቱን ቀና አድርጎ ነበር።

በኋላ ሳና የእጅ መታጠቢያው ጋር አገኘችው። እጅጌውን በሳሙና ያሻል፤ ግሪሱ ደግሞ ይሰፋል እንጂ አይለቅም።

«ናስትሮዋ እንደተነሳች አይተህ ነበር አይደል?» አለችው።

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ማን እንዳነሳት አላውቅማ። ሳላውቅ የሰው ስም ላንሳ?» ውሃውን ዘጋ። «ሰኞ ከሱልጣን ጋር አንቺም ትፈተኛለሽ።»

«እኔ መንጃ ፈቃድ የለኝ!»

«በአፍሽ ነው። ግማሹን አይደለም፣ ሙሉውን።»

«እሺ።»

ሊሄድ ዞረና ቆመ። «ቀጥ አድርገህ ወደ ኋላ መልሳት ያልሽው አንቺ ነሽ አሉ።»

«አዎ።»

«እኔ ይሄን አስተምሬሽ አላውቅም።»

«ለጎዴው ሾፌር ስትነግረው ሰምቼ ነው። ያኔ ጎማ እያጠብኩ ነበር።»

ሙዘሚል እርጥብ እጁን ራሷ ላይ ጫን አደረገና ሄደ፣ ሻርፗን አበላሽቶባት። ግን ምግብ ስታነሳ በወንዶቹ ጠረጴዛ በኩል አለፈች (ዝም ብላ፣ ሆን ብላ አይደለም፣ እሺ ሆን ብላ ነው) እና ሰማችው። አጠገቡ ላለ ለማታውቀው ሰውዬ «ልጄ ናት» እያለ ነው። ሰውዬው ቀድሞ ሰምቷል መሰለኝ፣ «ነግረኸኛል'ኮ» አለው።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አሌክስ አንድ ጥግ ላይ ላፕቶፑን ከፍቶ የቀረጸውን ሲያይ ሙሽራዋ ሳትቀር ከበቡት። አደባባዩ ጋር ሲደርስ ቪዲዮውን ቀስ አደረገው። ሁለቱ የፊት ጎማዎች ወደ ግራ ዞረዋል፣ መኪናዋ ግን ቀጥ ብላ ትመጣለች። ከመስታወቱ ጀርባ ሳና አፏን እስከ መጨረሻው ከፍታ፣ ዓይኗ ፈጥጦ፣ ሻርፗ ተንሸራቶ። ሼም ነው። በጣም ሼም ነው።

«ይሄን እቆርጠዋለሁ፣ ችግር የለም» አለ አሌክስ። «አደባባይ ገባን፣ አዳራሽ ደረስን። ማንም አያውቅም።»

«የሳና ነገር ነው፣ እሷ ትወስን» አለች ፈቲያ። ቬሏን አውልቃ፣ ጫማዋንም አውልቃ፣ ኬክ ትበላለች። «ለኔ እንኳን ይመቸኛል። የማን ሰርግ ላይ እንዲህ ሆነ?»

ሳና ስክሪኑን አየች። ጎማዎቹን አየች። የአባቷ ሜዳ ላይ መሪው ሲታገላቸው ያልገባቸው ሾፌሮች ትዝ አሏት፤ አባቷ አፈር ላይ በጣቱ እየሣለ ሊያስረዳቸው የሚደክመው። ይሄን ቢያዩ በአንድ ደቂቃ ይገባቸዋል።

«ጠዋት ጋራዥ በር ላይ የቀረጽከው አለ?» አለችው።

«መኪናዋ ስትታጠብ? አለ።»

«እኔ ናስትሮዋን ስልጥ አለ?»

አሌክስ ወደ ኋላ መለሰው። ነበረች። አዲስ ቀሚስ፣ ቀና ያለ አገጭ፣ በጥፍሯ ሽርጥ። ከዛ ያ ሳቅ። ልጅቷ እንዴት ደስ እንዳላት ያስታውቃል።

«እንዳትቆርጠው» አለች ሳና። «ለአባዬ አንድ ኮፒ ታደርግለታለህ፣ ሰኞ ለሚፈተኑት የሚያሳያቸው። ከአደባባዩ እንዳይጀምር ግን። ከዚህ ጀምረው።»

ጣቷን ስክሪኑ ላይ፣ ናስትሮዋ ላይ አሳረፈች።